ሞርሞን ባልደረባችን ቡና ስንጋብዘው ለምን እምቢ ይላል?

በተለይ በአሜሪካ በዩታና በአጎራባች ግዛቶች የምትሠሩ ወገኖች፣ ሞርሞን የሥራ ባልደረባችሁን ቡና ጋብዛችሁ «አመሰግናለሁ፣ ይቅርብኝ» ተብላችሁ ይሆናል። ለእኛ ቡና መጋበዝ «ና፣ እንጫወት» ማለት ነውና እምቢታው ቅር ያሰኛል። «ንቆኝ ነው» ወደ ማለት እንቸኩላለን። አብዛኛውን ጊዜ ግን ንቀት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1833 ጆሴፍ ስሚዝ «የጥበብ ቃል» ብሎ ባስተማረው መሠረት ሞርሞኖች ቡና፣ ሻይ፣ አልኮልና ትምባሆ አይነኩም። ይህን የማይጠብቅ አባል ወደ ቤተ መቅደሳቸው የመግባት ፈቃድ አይሰጠውም። ስለዚህ ባልደረቦቹ ከሥራ በኋላ መጠጥ ቤት ሲሄዱ እርሱ ወደ ቤቱ ይሄዳል። (በዚህስ እኛም አንታማም!)

ሌላው ጊዜ ነው። የአጥቢያ መሪዎቻቸው ደመወዝ የላቸውም። ቀን ሒሳብ ሠራተኛ ወይም አስተማሪ የሆነ ሰው ማታ የአጥቢያው ጳጳስ ሆኖ ምእመናንን ይጎበኛል። ሌላውም አባል እንዲሁ አንድ ኃላፊነት አለው። ሰኞ ምሽት ለቤተ ሰብ የተለየ ነው። እሑድ ደግሞ ገበያም ምግብ ቤትም አይሄዱም። አጥቢያው የሚወሰነው በመኖሪያ ሰፈር ስለሆነ፣ ዩታ ውስጥ ጎረቤቱም ወዳጁም የእምነቱ ተከታይ ሊሆን ይችላል። ለባልደረባ የሚተርፍ ምሽት ከየት ይምጣ?

ታሪካቸውም መዘንጋት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1838 የሚዙሪ አገረ ገዥ «ይጥፉ ወይም ከግዛቱ ይባረሩ» የሚል ትእዛዝ አወጣባቸው፤ ትእዛዙ የተሻረው በ1976 ነው። በ1844 ስሚዝ እስር ቤት ሳለ በታጠቁ ሰዎች ተገደለ። ከዚያ በብሪገም ያንግ መሪነት ተሰድደው በ1847 ሶልት ሌክ ሸለቆ ደረሱ። እንዲህ የተሳደደ ሕዝብ እርስ በርሱ መጠጋጋቱ አያስደንቅም። በደርግ ዘመን በየቤቱ ተደብቀው ያመለኩ አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ለመረዳት አይቸገሩም።

በትምህርት ከእነርሱ እንለያለን፤ ልዩነቱም ትንሽ አይደለም። ሥላሴን እኛ እንደምናምነው አያምኑም፤ መጽሐፈ ሞርሞንንም ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ይቀበላሉ። ነገር ግን ስለ ቡና ተቀይመን ከራቅነው ሰው ጋር ስለ ጌታ ኢየሱስ መነጋገር አንችልም። እንግዲህ ለምሳ ጋብዙት፤ ከቡናው ይልቅ ጭማቂ ወይም ትኩስ ቸኮሌት አቅርቡለት። እርሱም በተራው ቤቱ ሲጠራችሁ ሂዱ። ምናልባት ሁለት ወጣት ሚስዮናውያን ቀድመዋችሁ ተቀምጠው ታገኙ ይሆናልና መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ።