የቤተሰብን መሬት በሕይወት ሳሉ ስለ ማስተላለፍ

አባት ሲያርፍ ልጆችን ከፍርድ ቤት ደጅ የሚያቆማቸው ነገር አብዛኛውን ጊዜ መሬት መሆኑ የታወቀ ነው። በአርባ ምንጭ ዙሪያ ሙዝና ማንጎ፣ በጨንቻ ደጋም አፕልና እንሰት የሚያለማ ቤተሰብ ክርክር በገባ ጊዜ ጉዳቱ በወራሾቹ ላይ ብቻ አይቀርም። ተክሉ ሳይኮተኮት ይከርማል፤ ምርቱም ከገበያ ይጎድላል፤ ነጋዴውም ከማን ጋር እንደሚዋዋል ግራ ይገባዋል።

በአሜሪካ አገር ባለ ርስት የሆነ ሰው መሬቱን በሕይወቱ ሳለ በአደራ ሥር ያውለዋል። አብዛኛውን ጊዜም ራሱ ባለአደራ ሆኖ ሲጠቀምበት ይኖራል፤ ሲሞት በእርሱ ምትክ የተሰየመው ባለአደራ ለታዘዘለት ሰው ያስረክባል። ዐሳቡ ለሕጋችን እንግዳ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 516 ጀምሮ ንብረት በባለአደራ እጅ እንዲተዳደር ይፈቅዳል፤ አደራውም በስጦታ ወይም በኑዛዜ ይቋቋማል።

ይሁን እንጂ ይህን መንገድ በመሬት ላይ እንዳለ መከተል አይቻልም። የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. የሕዝብ ሀብት ሆኗል፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደ ሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። ስለዚህ ገበሬው ለልጁ የሚያስተላልፈው ባለቤትነትን ሳይሆን የመጠቀም መብትን ነው። የመተላለፊያውም በር በዋናው ሁለት ነው፤ ስጦታና ውርስ። ዛሬ የሚሠራበት የገጠር መሬት ዐዋጅ በ2016 ዓ.ም. የወጣው ቁጥር 1324 ሲሆን፣ ዝርዝሩን የክልሉ ሕግ ይወስናል።

ከሁለቱ አንዱን የሚመርጥ ሰው ልዩነታቸውን ያስተውል። ኑዛዜን ተናዛዡ በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ ስጦታን ግን እንደ ልብ መመለስ አይቻልም። መሬቱን ለልጁ ሰጥቶ የጨረሰ ሽማግሌ በእርጅናው ዘመን የልጁን እጅ ጠባቂ እንዳይሆን አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል። በከተማ ያለ ቤት በስጦታ ሲተላለፍ ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2443 መሠረት በግልጽ በሚደረግ ኑዛዜ ሥርዐት ካልተፈጸመ ስጦታው ዋጋ የለውም። ይኸውም ጽሑፉ በሰጪውና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ወዲያው ይፈረምበታል ማለት ነው፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ።

ሴት ልጅንም መዘንጋት አይገባም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴቶች በውርስ እኩል እንዲታዩ አዝዟል። የተዘለለች እኅት ነገ ከሳሽ መሆንዋ አይቀርም።

እንግዲህ ባለይዞታ የሆነ ሁሉ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን ይመልከት፤ ባልና ሚስት ይስማሙ፤ ልጆችም ተሰብስበው ይስሙ፤ ጉዳዩም በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። በደጋው የጋሞ ምድር ማሳው ጠባብ ነውና፣ እንደ ጨርቅ ከመቀዳደድ ይልቅ ወንድማማቾች በአንድነት ቢያለሙት ለቤታቸውም ለገበያውም ይበጃል።