ጓያና ልጓም ያጣው ህብለ ሰረሰር

የሰው ልጅ የነርቭ ሥርዓት በራስ ቅል ውስጥ ያለውን አንጎል፣ ከአንጎል ሥር ተነሥቶ በአከርካሪ አጥንት ቦይ የሚወርደውን ህብለ ሰረሰርንና ከሁለቱ ወጥተው በመላ አካል የሚሠራጩትን ነርቮች የሚያጠቃልል ነው። የአዋቂ ሰው አንጎል 1.4 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ቢመዝንም፣ ሰውነት በዕረፍት ጊዜ ከሚጠቀመው ኃይል አንድ አምስተኛ ያህሉን ብቻውን ይወስዳል፤ በውስጡም 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት እንዳሉ ይገመታል። ይህን ያህሉን ማንኛውም የተማሪ መጽሐፍ ያስተምራል። መጽሐፉ ብዙውን ጊዜ የሚያልፈው፣ ለጎንደርና ለአካባቢው ሕዝብ ግን ከሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው፣ አንጎል ከሚያዝዘው ባልተናነሰ የሚገታ መሆኑ ነው። ይህ የመግታት ሥራ ሲቋረጥ ምን እንደሚከተል፣ ከጣና በስተሰሜን በተዘረጋው የደምቢያ ሜዳ በጓያ ሽባ የሆኑ ሰዎች አካሄድ ያሳያል።

ጓያ ክረምቱ ሲወጣ ጥቁሩ ዋልካ አፈር በያዘው እርጥበት ብቻ የሚበቅል፣ ውሃ ሲተኛበትም ዝናብ ሲጠፋም የማይበገር፣ በፕሮቲን የበለጸገ ጥራጥሬ ነው። ሌላው ሰብል በጠፋበት ዓመት እርሱ ብቻ ማሳ ላይ ስለሚቀር የድሀ አለኝታ ሆኖ ኖሯል። አደጋውም ከዚሁ ይመነጫል፤ አንድ ቤተሰብ ለሁለት ወይም ለሦስት ወራት ዋነኛ ምግቡ ጓያ ብቻ ሲሆን፣ ከመካከላቸው አንዳንዱ፣ በተለይም ጉልበት የሚያፈስሰው ወጣት ወንድ፣ እግሩ እየከበደውና ባቱ እየተኮማተረ ይመጣና ቀጥ ብሎ መሄድ ይሳነዋል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ጥናት፣ በሽታው በደምቢያና በፎገራ እጅግ የተስፋፋ መሆኑን ለዓለም ያሳወቀ ሥራ ነው።

የጉዳቱን ቦታ ለማወቅ የአንድን እርምጃ መንገድ መከተል ያስፈልጋል። እግርን የሚያንቀሳቅሰው ትእዛዝ የሚነሣው በአንጎል ንጣፍ አናት አካባቢ ካሉ የነርቭ ሕዋሳት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሕዋስ አክሰን የሚባል አንድ ረጅም ክር ወደ ታች ይልካል። አብዛኞቹ ክሮች አንጎልና ህብለ ሰረሰር በሚገናኙበት አካባቢ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራም ወደ ቀኝ ይሻገራሉ። እጅን የሚያገለግሉት በአንገት ግድም ሲያበቁ የእግሮቹ እስከ ህብለ ሰረሰሩ ታችኛ ክፍል ስለሚወርዱ፣ በዓይን የማይታየው የአንድ ሕዋስ ክር በቁመት ከግማሽ ሜትር ሊበልጥ ይችላል፤ ከሰው አካል ድንቆች መካከል ይህን ያህል ሳይደነቅ የቀረ ጥቂት ነው። ክሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ግሉታሜት የተባለ ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ ይህም ቀጣዩን ሕዋስ ይቀሰቅሳል፤ ያ ሁለተኛው ሕዋስ ደግሞ ከህብለ ሰረሰር ወጥቶ ጡንቻውን ያንቀሳቅሳል።

በጓያ ፍሬ ውስጥ ያለውና እ.ኤ.አ. በ1964 በህንድ ተመራማሪዎች ተለይቶ የታወቀው ኦዳፕ የተባለ አሚኖ አሲድ መልኩ ከግሉታሜት ጋር ስለሚመሳሰል፣ የግሉታሜትን ተቀባዮች ይይዝና ሕዋሱን ያለ ልክ ይቀሰቅሰዋል። ከልክ በላይ የተቀሰቀሰ የነርቭ ሕዋስ ካልሲየም ሞልቶበት ይሞታል። ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየውም ወደ እግር በሚወርዱት ረጃጅም ክሮች ላይ ነው፤ ስለዚህ የታማሚው አእምሮ፣ ንግግሩና ዓይኑ ደኅና ናቸው፤ እግሩም ቢሆን ሲቆነጥጡት ይሰማዋል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ትእዛዙ ከተቋረጠ እግሩ ሊዝል ይገባው ነበር ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው፤ የጓያ ታማሚ እግር ግን አይዝልም፣ ይገተራል። ጭኖቹ እርስ በርስ ይሳባሉ፣ ጉልበቶቹ ይጋጫሉ፣ ተረከዙ መሬት ሳይነካ በጣቶቹ ሥር እየረገጠ ይሄዳል። ምክንያቱ ህብለ ሰረሰር የራሱ ፈቃድ ያለው መሆኑ ነው። ሐኪም ከጉልበት ሎሚ በታች ያለውን ጅማት በትንሽ መዶሻ መታ ሲያደርግ የጭኑ ጡንቻ በድንገት ይለጠጣል፤ የመለጠጡ ወሬ በነርቭ ወደ ህብለ ሰረሰር ይገባል፤ መልሱም አንጎልን ሳያስፈቅድ ከዚያው ተመልሶ ጡንቻውን ያኮማትራል፤ እግሩም ይፈናጠራል። በጤነኛ ሰው ላይ ይህ ፍንጥርታ ትንሽ የሚሆነው፣ ከላይ የሚወርዱት ክሮች እንደ በቅሎ ልጓም ህብለ ሰረሰሩን ዘወትር ስለሚይዙት ነው። ጓያ እነዚህን ክሮች ሲያጠፋ መታ የተደረገው እግር በኃይል ይወረወራል፤ ቁርጭምጭሚቱ በድንገት ወደ ላይ ሲገፋ እግሩ ደጋግሞ ይንቀጠቀጣል፤ ውስጥ እግሩ ከተረከዝ ወደ ፊት ሲጫር አውራ ጣቱ በመታጠፍ ፈንታ ወደ ላይ ይነሣል። ይህን የመጨረሻውን ምልክት እ.ኤ.አ. በ1896 ፓሪስ ላይ ያስተዋወቀው ጆሴፍ ባቢንስኪ ነው፤ አንድ ጣት በመመልከት ብቻ ስለ አንጎልና ስለ ህብለ ሰረሰር ግንኙነት ይህን ያህል ማወቅ መቻሉ ከሕክምና ጥበብ እጅግ የሚያምረው ክፍል ነው።

የልጅነት ልምሻ የዚህ ተቃራኒ ነው። የልምሻ ቫይረስ የሚገድለው ከህብለ ሰረሰር ወደ ጡንቻ የሚሄደውን ሁለተኛውን ሕዋስ በመሆኑ፣ ጡንቻው ከማንም ጋር ሳይገናኝ ይቀራል፤ እግሩ ይዝላል፣ ይቀጥናል፣ በመዶሻ ሲመታም አይመልስም። ምርኩዝ የያዘውን ሁሉ በአንድ ስም ሽባ ብሎ ማለፍ የተለመደ ቢሆንም፣ በልምሻ የቀጠነውንና በጓያ የተገተረውን እግር አስተውሎ የሚያይ ሰው ጉዳቱ ከየትኛው ሕዋስ ላይ እንዳረፈ በዓይኑ ብቻ መለየት ይችላል።

ልዩነቱን አለማወቅ ጉዳት ያስከትላል። የተገተረ እግር የተወለቀ ወይም የተጣመመ መስሏቸው ታማሚውን ወደ ወጌሻ የሚወስዱ ቤተሰቦች፣ እግሩ በኃይል በተሳበ ቁጥር የባሰ እንደሚገተር ልብ ሊሉ ይገባል፤ ድንገተኛ መለጠጥ ልጓም ያጣውን ህብለ ሰረሰር ይበልጥ ይቀሰቅሰዋልና። የሚጠቅመው ቀስ ብሎ መለጠጥና ለጥቂት ጊዜ ይዞ መቆየት ነው። የሞቱትን ክሮች ግን ማሳጅም ሆነ የቫይታሚን መርፌ አይመልስም፤ ሰውየው ጓያ መብላት ካቆመ ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ ባለበት ይቆማል፤ አንዳንዱ ያለ ምርኩዝ፣ አንዳንዱ በአንድ ወይም በሁለት ምርኩዝ፣ አንዳንዱም እየዳኸ ይኖራል።

ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት ግን በሽታው ከእንፋሎት ይይዛል የሚለው ነው። ጓያ ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት፣ ገለባው ላይ መተኛት፣ በማሳው መካከል ማለፍ ሽባ ያደርጋል የሚል እምነት በገጠሩ ሥር የሰደደ ሲሆን፣ ከድስቱ ፊቱን የሚያዞር ሰው ንፍሮውን ግን በእፍኙ ይበላል። እምነቱ የጸናበት ምክንያት አለው፤ ብዙ ጊዜ ሕመሙ ከአንድ የድካም ቀን በኋላ በድንገት ስለሚገለጥ ሰው ምክንያቱን በዚያው ዕለት ይፈልጋል፤ ከአንድ ገበታ የበሉት ሁሉም ስለማይታመሙም ምግቡ ከጥርጣሬ ይድናል። ኦዳፕ ግን በውሃ የሚሟሟ እንጂ የሚተን ነገር አይደለም፤ በእንፋሎቱ ሳይሆን በመቀቀያው ውሃና በፍሬው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ፍሬውን ዘፍዝፎ ወይም ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ከመርዙ የተወሰነውን ያስወግዳል።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በወሎ ደላንታ የዚሁ ሽባነት ወረርሽኝ ከተነሣ በኋላ ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው ያደረጉት ምርምር ደግሞ የአበላሉን ልዩነት ገልጦታል። ጓያን በንፍሮ፣ በተቆላ ቆሎና በእሸት መልክ መብላት ለሽባነት ይበልጥ የሚያጋልጥ ሲሆን፣ ከእህል ጋር መቀላቀልና ሽሮውን ከሽንኩርትና ከቅመም ጋር መሥራት አደጋውን ይቀንሳል። ችግሩ እህል የሚጠፋው ጓያ ብቻ በሚቀርበት ዓመት መሆኑ ነው፤ ስለሆነም በድርቅ ጊዜ ወደ ጓያ አብቃይ ወረዳዎች ለመቀላቀያ የሚሆን እህል ቀድሞ ማድረስ ከማንኛውም መድኃኒት ይበልጣል። መርዙ የቀነሰ ዋሴ የተባለ ዝርያ በአገር ውስጥ ምርምር ተለቅቋል፤ ይሁን እንጂ የኦዳፕ መጠን በዘሩ ብቻ ሳይሆን በአፈሩና በእርጥበቱም ስለሚወሰንና በደረቅ ዓመት የበቀለው ፍሬ ከፍ ያለ መርዝ ሊይዝ ስለሚችል፣ ዋሴን የዘራ ገበሬ ቤትም ቢሆን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትና ከእህል ጋር መቀላቀል አይቀርለትም።