በረዶውንስ አየሁት፤ ልጄ የታለች?

አክስቴ ቶሮንቶ እንደገባች የላከችልን የመጀመሪያ ፎቶግራፍ በረዶ ላይ ቆማ የተነሳችው ነው። ካፖርቷና ኮፍያዋ በደንብ ይታያሉ፤ ፊቷ ግን ጠቁሮ ዐይኗና አፍንጫዋ አይለዩም። አሳጥቤ ለአያቴ ሰጠኋት። ወደ መስኮቱ ብርሃን እያዞረች ብዙ ካየችው በኋላ «በረዶውንስ አየሁት፤ ልጄ የታለች?» አለችኝ። እኔም «የአገሩ ብርድ ነው» ብዬ አለፍኩት።

ጥፋቱ የብርዱ እንዳልሆነ የገባኝ ባለፈው ክረምት እዚሁ አዲሱ ገበያ ነው። እንደምታውቁት የእኛ ክረምት የዝናብና የጭቃ እንጂ የስኖው አይደለም። ሆኖም ሰፈራችን ከእንጦጦ ግርጌ ነውና አንዳንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይቆይና ግቢውን ለጥቂት ደቂቃ ነጭ አድርጎት ያልፋል። በሐምሌ አንድ ቀን እንዲሁ ሲሆን አያቴን በነጭ ነጠላዋ ደጃፉ ላይ አቁሜ ለአክስቴ የሚላክ ፎቶ አነሳሁ። ውጤቱ ያው! በረዶው አመድ መስሎ፣ ነጠላው አድፎ፣ የአያቴ ፊት ጠቁሮ ወጣ። «ምነው ልጄ፣ ከሰል አስመሰልከኝ እኮ!» ስትል ሁላችንም ሳቅን፤ እኔን ግን ነገሩ ከነከነኝ።

ለመሆኑ ምክንያቱ ምንድን ነው? ካሜራ የነገሩን ቀለም አያውቅም፤ የሚለካው ተንጸባርቆ የሚመጣለትን ብርሃን ብቻ ነው። የመለኪያው ስሌት ደግሞ የሚነሳው ነገር በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው በሚል ግምት ላይ የቆመ ነው። ይህ ግራጫ በተለምዶ ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶውን የሚመልስ ተደርጎ ይወሰዳል። አዲስ የወረደ ስኖው ግን ከ80 በመቶ በላይ ሊመልስ ይችላል። ካሜራው ይህን ሲያይ «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሳል። ነጩ ወደ ግራጫ ይወርዳል፤ መካከሉ ላይ ያለው ሰውም አብሮ ይጨልማል። የእኛ ዓይነት ጠይም ፊት ላይ ደግሞ ይብሳል። ከመነሻው ከነጩ ያነሰ ብርሃን ስለሚመልስ የሚቀነስለት ትርፍ የለውም። የዛሬ ስልኮች ፊት ፈልገው ለማስተካከል ይሞክራሉ፤ ሁልጊዜ ግን አይሳካላቸውም።

መፍትሔው ለሰሚው ግራ ነው፦ ነጭ ሲበዛ ብርሃን መጨመር! ካሜራ ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ፈልጉና ከ1 እስከ 2 ጨምሩ። 1 መጨመር ማለት የሚገባውን ብርሃን እጥፍ ማድረግ ነው፤ 2 ሲሆን ደግሞ 4 እጥፍ ይሆናል። በብዙ ስልኮች ላይ ፊቱን በጣት ነካ አድርጎ ብቅ የምትለውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ መግፋት ይበቃል። ከዚያ ነጠላውን ተመልከቱ። ሽመናው ጠፍቶ ወረቀት ከመሰለ አብዝታችኋልና ትንሽ መልሱ። የጠቆረ ፎቶ በኋላ በኮምፒዩተር በመጠኑ ይቃናል፤ ጨርሶ የነጣ ግን አይመለስም።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ በደመና ብርሃን ፊት ላይ ጥላ አይበረታምና ፀሐይ እስክትወጣ አትጠብቁ፤ በረዶውም አይጠብቃችሁም። ሁለተኛ፣ ከብርዱ ቡና ወደሚፈላበት ቤት ስትገቡ የቀዘቀዘው ሌንስ ላይ እርጥበት ያዝላል። ስለዚህ ካሜራውን ውጪ ሳላችሁ ፌስታል ውስጥ ቋጥራችሁ ግቡ፤ የቤቱን ሙቀት እስኪለምድም አትፍቱት።

ከሳምንት በኋላ በረዶው ተመልሶ ሲመጣ አያቴን እዚያው አቁሜ፣ 1 ተኩል ጨምሬ አነሳኋት። አንገቷ ላይ ያለው ንቅሳት ሳይቀር ታየ። ፎቶውን ከነዘዴው ለአክስቴ ላክሁላት። እሷም በተራዋ ስትልክ በረዶው ነጭ፣ ፊቷም የራሷ ፊት ነበር። አሳጥቤ ስሰጣት አያቴ ወደ መስኮቱ አላዞረችውም። «ከስታለች» አለችና ዝም አለች።