በቡና ለቀማ ሥራ የአካል ጉዳተኛና የታመመ ሠራተኛ ድጋፍ፦ የጅማ አካባቢ

በጅማና በአጋሮ የቡና ማዘጋጃ ቦታዎች ጉድለት ያለበትን ፍሬ በእጅ የመልቀሙን ሥራ በአብዛኛው የሚያከናውኑት ሴቶች ናቸው። ሥራው የሚጠይቀው ንቁ ዐይንና ቀልጣፋ ጣት በመሆኑ፣ እግሯ የተጎዳን ሴት ከሥራው የሚያርቃት ጉዳቷ ሳይሆን የበሩ ደረጃ፣ የመቀመጫው ዝቅታና የመጸዳጃ ቤቱ አለመመቸት ነው።

የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ለዚህ መፍትሔ ያደረገው «ተመጣጣኝ ማመቻቸትን» ነው፤ ይኸውም የሥራ መሣሪያን፣ ሰዓትንና አካባቢን ለሠራተኛው እንዲስማሙ ማስተካከል ማለት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በበኩሉ የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ ለታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ ተከታዮቹን ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ፈቃድ ይሰጣል።

ሆኖም በለቀመችው መጠን የሚከፈላት የቀን ሠራተኛ ከሥራ ከቀረች የዕለት ገቢዋ ይቀርባታል፤ ስለዚህ አቧራው የቀሰቀሰባትን ሳል ደብቃ መሥራትን ትመርጣለች። በቃል የተቀጠረች ሴት መብቷን ለማስረዳትም ትቸገራለች። አዋጁ ግን ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የተፈረመ መግለጫ እንዲሰጥ ያዛል። እንግዲህ ድጋፉ መጀመር ያለበት ከዚህች ወረቀት ነው፤ ከፍ ያለው ወንበር፣ የአቧራ መከላከያውና የዕረፍት ሰዓቱ እርሷን ተከትለው ይመጣሉ።