ፑንጃቢ፦ አንድ ቋንቋ በሁለት ፊደል

ከፓኪስታኗ ላሆር እስከ ህንዷ አምሪትሳር ያለው ርቀት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሆኖም የላሆር ሰው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ደብዳቤ ጽፎ ለአምሪትሳር ወዳጁ ቢልክለት፣ ወዳጁ አብዛኛውን ጊዜ ሊያነበው አይችልም። ሁለቱም ፑንጃቢ ተናጋሪዎች ናቸው፤ ስልክ ቢደዋወሉ እንደ ልብ ይጫወታሉ። የፓኪስታኑ የሚጽፈው ግን ከዐረብና ከፋርስ በተወረሰው፣ ከቀኝ ወደ ግራ በሚነበበው ሻህሙኪ ነው። የህንዱ የሚጽፈው በጉርሙኪ ነው። ጉርሙኪ 35 መሠረታዊ ፊደላት ስላሉት ገበታው «ፔንቲ» ይባላል፤ ትርጉሙም ሠላሳ አምስት ማለት ነው።

ፑንጃቢ ዜማው ትርጉም የሚለውጥ ቋንቋ ነው። «ኮራ» የሚለውን ቃል ድምፁን ዝቅ አድርገው ሲሉት ፈረስ፣ ከፍ አድርገው ሲሉት የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ፣ ሳያነሡ ሳይጥሉ ሲሉት ደግሞ አለንጋ ይሆናል። «ገና» ሲጠብቅ በዓል፣ ሲላላ ሌላ እንደሚሆንብን ዓይነት ነው።

ተናጋሪው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የፓኪስታን ቆጠራ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ወደ 89 ሚሊዮን ሰዎች ፑንጃቢን የአፍ መፍቻ ቋንቋችን ብለዋል፤ ከአገሩ ሕዝብ 37 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። በህንድ የ2011 ቆጠራ ደግሞ 33 ሚሊዮን ያህል ተመዝግበዋል። ሥነ ጽሑፉም የትናንት አይደለም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያረፈው ሙስሊም መናኝ፣ ሱፊው ባባ ፋሪድ የተቀኛቸው ስንኞች በሲኮች ቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ገብተዋል፤ የሙስሊሙ ቅኔ በሲኮች የጸሎት ቤት፣ በጉርድዋራ፣ ይዘመራል። ዋሪስ ሻህ በ1766 የጨረሰው «ሂር» የሂርና የራንጃ የፍቅር ታሪክ ነው። ለሱፊዎቹ ግን የሴቲቱ የሂር ናፍቆት ሰም ነው፤ ወርቁ ነፍስ ፈጣሪዋን መሻቷ ነው። ሰምና ወርቅ የለመደ አንባቢ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ታዲያ ይህን ያህል ሀብት ላለው ቋንቋ በፓኪስታን ጠባቂ መሥሪያ ቤት ማቋቋም ለምን አስፈለገ? እንግሊዞች ፑንጃብን በ1849 ከያዙ በኋላ የፍርድ ቤቱንና የታችኛውን አስተዳደር ሥራ በኡርዱ አደረጉት። በ1947 በእንግሊዞች ሥር የነበረው አገር ህንድና ፓኪስታን ተብሎ ለሁለት ሲከፈል ፓኪስታን ኡርዱን ብሔራዊ ቋንቋ አደረገች፤ በአፍ መፍቻነት የሚናገረው ግን ከሕዝቧ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ፑንጃቢ ለቤት፣ ለገበያና ለዘፈን ቀረ። ያ ክፍፍል በቅኔም ተለቅሷል፤ ዛሬ በፓኪስታን በምትገኘው ጉጅራንዋላ በ1919 የተወለደችውና በ1947 ወደ ህንድ የተሰደደችው አምሪታ ፕሪታም ሙሾዋን ያቀረበችው ለዋሪስ ሻህ ነበር።

የፓኪስታን ፑንጃብ መንግሥት ያንን ጠባቂ መሥሪያ ቤት፣ የቋንቋ፣ የጥበብና የባህል ተቋሙን፣ ላሆር ላይ ያቋቋመው በ2004 ነው። ቤተ መጻሕፍት፣ ሙዚየምና አዳራሽ አለው፤ «ኤፍ ኤም 95 ፑንጃብ ራንግ» የተባለ ራዲዮም ያሰራጫል። እኔ ከሁሉ ራዲዮውን አስበልጣለሁ። በቋንቋው ማንበብ ያልተማረ ሰው በሙዚየሙ መስታወት ፊት እንግዳ ነው፤ ራዲዮ ሲከፍት ግን ባለቤት ነው። ገበሬውም፣ የሪክሾ ሹፌሩም፣ እናት በወጥ ቤቷም የራሳቸውን አነጋገር በመንግሥት ጣቢያ ሲሰሙ ለዓመታት «የባላገር ቋንቋ» ተብሎ የተናቀው ነገር ክብር ያገኛል።

ክብሩ ግን አንደኛ ክፍል ድረስ አልዘለቀም። ፑንጃቢ በዩኒቨርሲቲ እስከ ከፍተኛ ዲግሪ ይጠናል፤ የላሆር ልጅ ግን ፊደል የሚቆጥረው በኡርዱና በእንግሊዝኛ ነው። ጣሪያው ያማረ፣ መሠረቱ ያልተጣለ ቤት ይሉታል ይኼ ነው። በክልሉ ምክር ቤት እንኳ ፑንጃቢ መናገርን የሚፈቅደው የደንብ ማሻሻያ የመጣው በ2024 ነው።

ከድንበሩ ማዶ ነገሩ በሌላ በኩል ሄደ። በፓቲያላ ከተማ በ1962 የተመሠረተው ዩኒቨርሲቲ ስሙ ራሱ ፑንጃቢ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከረጅም ትግል በኋላ በ1966 የህንዱ ፑንጃብ ቋንቋን መሠረት ያደረገ ክልል ሆኖ ተዋቀረ፤ በማግሥቱ ዓመት ፑንጃቢ የሥራ ቋንቋ ሆነ። በ2008 የወጣ ሕግ ደግሞ ከ1ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ግዴታ አደረገው፤ እምቢ ያለ ትምህርት ቤት የሚከፍለው መቀጫም በ2021 ከፍ ብሏል። ቅጣት ፍቅር አይወልድም፤ እንግሊዝኛን ለእንጀራ የሚመርጥ ወላጅ እዚያም ሞልቷል። ሆኖም ልጁ ቢያንስ የአያቱን ስም በአያቱ ቋንቋ ይጽፋል።

ለሁለቱም ወገን የሚበጅ ትልቅ ሥራ የተጀመረው እዚያው ፓቲያላ ነው፤ የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች አንዱን ፊደል ወደ ሌላው የሚገለብጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠርተዋል። ሥራው ቀላል አይደለም። ሻህሙኪ አጫጭር አናባቢዎችን አብዛኛውን ጊዜ አይጽፍም፤ ጉርሙኪ ግን ይጽፋል። ስለዚህ ማሽኑ በአንዱ ያልተጻፈውን ድምፅ ለሌላው ከዐውዱ መገመት አለበት። ላሆር የሚታተም ልብ ወለድ አምሪትሳር እንዲነበብ፣ የአምሪትሳሩም ላሆር እንዲደርስ፣ የላሆርና የፓቲያላ ተቋማት በዚህ ሥራ አብረው ቢቀመጡ እመኛለሁ። የባባ ፋሪድን ስንኝ ከጉርሙኪ ገጽ ላይ ማንበብ ያልቻለ የላሆር ወጣት፣ ያው ስንኝ በሻህሙኪ ሲቀርብለት ከልጅነቱ ጀምሮ በዜማ የሚያውቀው ሆኖ ያገኘዋል።