በሆመቾ ቁልቁለቶች በኤሌክትሪክ ቢስክሌት መንዳት ለሚጀምር ሰው

ሆመቾ በሐዲያ ዞን የጊቤ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳው በምዕራብ በኩል የሚያዋስነውን የጊቤን ወንዝ ስም የያዘ ሲሆን፣ ይህ ወንዝ ወደ ደቡብ ሲወርድ ኦሞ እየተባለ ይጠራል። የአገሩም አቀማመጥ በአጭሩ ሲነገር ላዩ እንሰት የሚተከልበት ከፍተኛ መሬት፣ ታቹ ሞቃት ቆላ ነው። በሁለቱ መካከል ሰውና አህያ ሲመላለሱ ያወጧቸው የእግር መንገዶች አሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በእነዚህ መንገዶች ላይ በኤሌክትሪክ ኀይል የሚታገዝ የተራራ ቢስክሌት መንዳት የሚጀምር ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባውን ነገር ማስረዳት ነው፤ ይኸውም መንገዱ የሚለካው በርቀቱ ሳይሆን በከፍታው መሆኑን ነው።

የኤሌክትሪክ ቢስክሌት ከሞተር ብስክሌት ጋር መምታታት የለበትም። ብዙዎቹ ዐይነቶች ፔዳሉ ካልተረገጠ ሞተራቸው አይሠራም፤ የሞተሩ ሥራ የእግርን ጉልበት ማገዝ ብቻ ነው። በአውሮፓ ሕግ የዚህ ዐይነቱ ሞተር ጉልበት በ250 ዋት፣ የሚያግዝበትም ፍጥነት በሰዓት በ25 ኪሎ ሜትር የተወሰነ ነው። ክብደቱ 25 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። ለእንደኛ ያለው ደጋማ አገር አንድ ጥቅም አለው። የቤንዚን ሞተር በቀጭን አየር ውስጥ ይደክማል፤ በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማይተነፍስ ከፍታው አይጎዳውም።

አሁን ወደ ስሌቱ እንምጣ። ነጂው 70፣ ቢስክሌቱ 25፣ ስንቁና ውሃው 5 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ ድምሩ 100 ይሆናል። ይህን ክብደት 100 ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት 27 ዋት-ሰዓት ያስፈልጋል። በየአሥር ሜትሩ አንድ ሜትር በሚነሣ ሸካራ መንገድ ላይ የጎማው ሰበቃና በሞተሩ ውስጥ በሙቀት የሚባክነው ሲታከልበት፣ ነጂው ምንም ካላገዘ ከባትሪው የሚወጣው ወደ 47 ዋት-ሰዓት ይደርሳል። ስለዚህ 500 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ብቻውን ነጂውን የሚያወጣው ወደ 1,000 ሜትር ያህል ከፍታ ነው፤ ነጂው ግማሹን በእግሩ ከቻለ ደግሞ 2,000 ሜትር ያህል። የባትሪው ጉልበት በእውነቱ ጥቂት ነው፤ 3,500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ በዘጠኝ ደቂቃ ውስጥ ይጨርሰዋል።

በሌላ አገር የተጻፉ መመሪያዎች በብዛት የሚያስቡት ከሸለቆ ተነሥቶ ወደ ተራራ የሚወጣውን ሰው ነው። እርሱ ቢደክመው ወይም ባትሪው ቢያልቅበት ፊቱን አዙሮ ወደ ቤቱ ይንሸራተታል። ከሆመቾ ወደ ጊቤ ሸለቆ የሚወርድ ሰው ግን ነገሩ ተገልብጦበታል፤ ቀላሉን ጠዋት ይበላና ከባዱ ለከሰዓት በኋላ፣ ለሙቀቱና ለድካሙ ይቀርለታል። ከዚህም የባሰው ጠቋሚው የሚያሳስት መሆኑ ነው። በቁልቁለት ሞተሩ ስለማይሠራ ባትሪው ሸለቆው ውስጥ ሙሉ መስሎ ይታያል። ቀሪውን ኪሎ ሜትር የሚናገረው ሰሌዳ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያሰላው በቅርቡ ከተነዳው መንገድ ፍጆታ ተነሥቶ ስለ ሆነ፣ ከረዥም ቁልቁለት በኋላ የሚሰጠው ቁጥር እጅግ የተጋነነ ይሆናል። ባትሪው አልቆ በእግሩ ብቻ የቀረ ጀማሪ በዚያ ዳገት ላይ በሰዓት ሦስት ኪሎ ሜትር እንኳ መንዳት ይቸግረዋል፤ ወርዶ 25 ኪሎውን ብረት ይገፋል፣ አህያ ነጂውም ሰላም ብሎት ያልፈዋል።

ስለዚህ ጀማሪው ከኪሎ ሜትር ይልቅ የከፍታ መለኪያ ይመልከት፤ ዛሬ በብዙ የእጅ ስልኮች ላይ ይገኛል። በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ከመነሻው ከ300 ሜትር በላይ ባይወርድ ጥሩ ነው። ለመመለስ ቢበዛ 141 ዋት-ሰዓት ይፈጅበታል፤ ይህም ከባትሪው ሲሶ ያነሰ ነው። የቀረው ለጭቃ፣ ለስሕተትና ለተሳተ መንገድ መጠባበቂያ ይሁነው። ከዚያ በፊት ደግሞ በከተማው ዙሪያና በሸንተረሩ ላይ፣ በየእንሰቱ ጓሮ በኩል የሚያልፉትን ለጥ ያሉ መንገዶች ይልመድ።

ቁልቁለቱም የራሱ ሒሳብ አለው። በብዙዎቹ ዐይነቶች ላይ ሲወርዱ ባትሪው ተመልሶ አይሞላም፤ ጉልበቱ በፍሬኑ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ቀስ ብለው ሲወርዱ በየ100 ሜትሩ ዝቅታ የሚወጣው ሙቀት ሦስት ዴሲ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ፣ ማለት አንዲት ትንሽ ጀበና፣ ለማፍላት ይበቃል። ፍሬኑን ሳይለቁ ጨብጦ መውረድ ዲስኩን ያግለዋል፣ መያዙንም ያደክመዋል፤ አጥብቆ ይዞ መልቀቅ፣ ሁለቱን ፍሬኖች አብሮ መጠቀም፣ አልፎ አልፎም ቆሞ ማቀዝቀዝ ይሻላል።

ተማሪን የሚያስደስት አንድ ነገር እዚህ ላይ ባነሣ ከጉዳዩ የራቅሁ አይመስለኝም። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጊቤ ሁለት ጣቢያ የግልገል ጊቤን ውሃ በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ አሳልፎ 500 ሜትር ያህል ከፍታ በማውረድ እስከ 420 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ ውሃውም የሚገባው በዚሁ በታላቁ ጊቤ ነው። ስሌቱ አንድ ነው፤ እዚያ 100 ሊትር ውሃ ሲወርድ የሚሰጠው ጉልበት፣ የሚባክነው ሳይቈጠር፣ እዚህ 100 ኪሎ ግራም የሚመዝኑትን ሰውና ቢስክሌት ያንኑ ያህል ከፍታ ለማውጣት ከሚያስፈልገው ጋር እኩል ነው።

መብራት በሚቋረጥበት ቦታ ባትሪውን ለጠዋት አለማቆየት ነው፤ መደበኛው መሙያ ባዶውን ባትሪ ለመሙላት አራት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ቀዩ አፈር ጎማውን ይለስነዋል፤ ጭቃው በጎማውና በሹካው መካከል ተጠቅጥቆ ቢስክሌቱን ያቆመዋል። ወደ ቆላው የሚዘልቅ ሰው የወባ ነገር እንዳይረሳ።

ከሁሉ በላይ መንገዶቹ የሰው ናቸው። ቢስክሌቱ ድምፅ ስለሌለው እንሰትና እንጨት የተሸከሙ እናቶችን፣ ጭነት የያዙ አህዮችን ከኋላ ያስደነግጣል። ከሩቅ ደወል መደወል፣ በጠባብ ቦታ ወርዶ ዳር መያዝ፣ ሽማግሌ ሲያጋጥም ቆሞ ሰላምታ መስጠትና ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ለሚጠይቀው መመለስ ይገባል። በዚያውም የሚቀጥለው ዳገት ስንት እንደሚቀረውና ከዝናብ በኋላ የትኛው መንገድ እንደሚሻል ከመሣሪያው ይልቅ ከእነርሱ ይሰማል።