ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ

እኛ አስተማሪዎች ወደ ገንዳ ውሃ የመጣነው በአውቶቡስ ነው። ከጎንደር ተነሥተን፣ አይከልን አልፈን፣ ቁልቁለቱን ወረድን። ከብርድ ወደ ሙቀት በአንድ ቀን! ከአዘዞ መተማ ዮሐንስ ያለው ይህ መንገድ ቀድሞ ጠጠር ነበር። በኋላ አስፋልት ተሠራለት። ሰሊጡም ጥጡም የሚጫነው በእሱ ነው።

ከአስፋልቱ ወጣ ሲሉ ግን አፈሩ ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ ሐምሌ ሲገባ ይጨቀያል፤ መኪና ይይዛል። ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ስትወጣ አይተናል። ጭቃው ለተሸካሚዎቹ እስከ ጉልበት ነበር።

በዋልካ ላይ ጠጠር ብቻ ቢደፉበት ጭቃው ይውጠዋል። መጀመሪያ ዋልካው ተቆፍሮ ይወጣል። በምትኩ ገረጋንቲ የሚባለው ጠንካራ አፈር ተሞልቶ ይጠቀጠቃል። ውሃው ወደ ቦይ እንዲወርድ የመንገዱ መሀል ከፍ፣ ዳርና ዳሩ ዝቅ ይላል። ፈፋ ባለበት ቱቦ ይቀበራል። ይህ የመሐንዲስና የዶዘር ሥራ ነው፤ ገንዘብም ይጠይቃል።

ቦይ መጥረግ ግን አካፋ ነው የሚፈልገው። ቦዩ በደለል ከተደፈነ ውሃው በመንገዱ ላይ ይሄዳል። ያን ጊዜ አስፋልቱም ቢሆን ይቦረቦራል።

በእናንተ ቀበሌ ሰኔ ሳይገባ ቦዩን የሚጠርገው ማን ነው? አንብባችሁ ስትጨርሱ ተነጋገሩበት።